ኪያር ብቻ በልቼ ስኳሬ ለምን ወጣ?

«ኪያር ገደለችኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። «ኪያር አዳነችኝ» የሚለውንም አትመኑት። እኔ ሁለቱንም በየተራ ብያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቻለሁ። ይህን የማስጽፈው ስኳር በሽታ ያለበት ሰው እኔ የሄድኩበትን ዙሪያ ጥምጥም እንዳይሄድ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከራሴ ነበር የሸሸግኩት። ፊደል አልቆጠርኩም። ስናገር የሚጽፍልኝ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ስጨርስ እነግራችኋለሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ትውልዴ ላስታ ነው፤ ሰቆጣ የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተድሬ ነው፤ እነሆ ባሌን ቀብሬ፣ ልጄን ድሬ፣ እዚሁ አረጀሁ። ሥራዬ ጠጅ መጣል ነው። ሰቆጣ ውስጥ ሠርግም ሆነ ማኅበር ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ለምን ቢባል፣ እኔ በማር አልታለልም። ዛሬ ማሩን በስኳር የሚያበዛ ሌባ በዝቷል፤ ዓይን አይለየውም፣ ምላስ ነው የሚለየው። ገበያ ስወጣ ሻጮቹ «መጣች ደግሞ» ይባባላሉ። ከእያንዳንዱ ባልዲ በጣቴ ጠልቄ እቀምሳለሁ፤ ከአሥር ባልዲ አንዱን ብገዛ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ለሌላው ተረት ነው፤ ለእኔ እንጀራዬ ነው።

አብራኝ የምትኖረው የልጄ ሚስት ለምለም ናት። ልጄ ደሳለኝ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ለምለም የጽጽቃ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ እጇ ሥራ ያውቃል፤ አፏ ግን ዝም ነው። ዝም የሚል ሰው አልወድም። የሚናገር ሰው የያዘውን ያሳያችኋል፤ ዝም የሚለው ምን እንደያዘ በምን ይታወቃል? ማታ ማታ ከእናቷ ጋር በስልክ በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ታወራለች። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሰቆጣ ኖሬ ከኽምጣኛ የማውቀው የገበያውን ብቻ ነው። እና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ምን ልበል? ጠረጠርኩ። ይጻፍ፤ እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ።

በሽታው ሲጀምረኝ ውሃ ጥም ነበር። እንዴት ያለ ጥም! ጣሳውን አስቀምጬ ሳልነሳ መልሼ አነሳው ነበር። ከዚያ ሽንቱ መጣ። ቅዳሴ ላይ ሁለት ሦስቴ ስወጣ ሴቶቹ ዓይን ለዓይን ይጣቀሳሉ። ከዚያ ቀሚሴ ሰፋኝ። እኔ በመቀነት ላይ መቀነት ስጨምር፣ ጎረቤቱ ደግሞ ወሬ ላይ ወሬ ጨመረ። «ትርንጎን ምን ነካት?» አሉ። እኔ የመሰለኝ ዓይን ነው። ሰው በልቶኛል አልኩ፤ ማን እንደበላኝ ብቻ ነበር የማላውቀው።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» አሉኝ። ሁለቱም ባንዴ! እኔ መቼም ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ የለህም የተባለ ሰው አላውቅም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ጥሙ ባሰብኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ የሽንት ኢንፌክሽን አለ። ሦስተኛው ጨጓራ አለ። በየመጠበቂያ ወንበሩ ላይ ቂጤ እስኪደነዝዝ ተቀመጥኩ፤ ጠርሙስ ሙሉ ሽንቴን ይዤ እንደ ጠጅ ጠባቂ ከበሩ ሥር ቆምኩ። የጥርጣሬ ሰው ነኝና ሦስቱንም ሌባ አልኳቸው። ከሦስቱ ግን አንዳቸውም ጣቴን ወግተው ስኳሬን አልለኩም።

እንድለካ ያደረገችኝ ለምለም ናት። አንድ ጠዋት ከጓሮ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እማ፣ አይቆጡኝ። የሸኑበት ቦታ ላይ ጉንዳን ወጥቷል። አያቴም እንዲህ ነበረች፤ ስኳር እንዳይሆን ሆስፒታል ሄደው ይመርመሩ።»

«አንቺ ደግሞ ሽንቴን ምን ብለሽ ታያለሽ?» አልኳት። ሽንት ለመተት ይወሰዳል ሲባል ሰምቻለኋ! እሷ አንገቷን ደፍታ ገባች። እኔ ግን በልቤ ፈርቼ ነበርና በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ጣቴን ወጉኝ፤ ስኳር ነው አሉ። ያውም የተቆለለ።

«እማማ፣ ጣፋጭ ነገር ያበዛሉ?» አለችኝ ሲስተሯ።

«እኔ? ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የምጠጣ! ቤቴ ስኳር አይገባም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ስኳር ምላስ ያበላሻል፣ የእኔ ሙያ ደግሞ ምላስ ነው። እሷም አመነችኝ፤ ክኒን ጽፋ ምግብ እንዳስተካክል መከረችኝና ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጎረቤታችን መምህሩ ስልኩን ይዞ መጣ። ኬቶ የሚባል አመጋገብ አለ አለኝ፤ እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ሽሮ የለም፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ከጎኑ ኪያር። እሱ ራሱ ይዞት ስምንት ኪሎ ቀንሷል፤ ሚስቱ ግን ተደብቆ ዳቦ ሲበላ አይቼዋለሁ ብላኛለች። ከዓረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤታችን መሰሉ ደግሞ ሌላ አመጣች። ለሰባት ቀን ኪያርና እንቁላል ብቻ፣ ማታ ኪያር በእርጎ። ከዚህም ሌላ ኪያሩን ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር ከትፎ ውሃ ውስጥ ማሳደር፣ ጠዋት በባዶ ሆድ መጠጣት። ዲቶክስ ትለዋለች።

«ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ሆድዎ ውስጥ ያለውን መርዝ ያጥባል።»

«ማን ያጠጣኝ መርዝ?»

መሰሉ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያን ጊዜ ለምለም ወጥ ታማስል ነበር፤ ጀርባዋን አየሁት።

የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው እሳቸው ደግሞ ቅቤውንም እንቁላሉንም እርጎውንም ሰረዙት፤ ጾም ነበረ። «ኪያሯ ግን የጾም ናት፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በጨውና በቃሪያ ብትበያት ምን ክፋት አላት?» አሉኝ። ልብ በሉልኝ። መምህሩ ቅቤ ብዪ ይላል፣ መሰሉ እንቁላል ትላለች፣ አባ ሁለቱንም ተይ ይላሉ። በአንድ ነገር አይስማሙም፤ ኪያር ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ወዳጅ ናቸው። ሁሉ የሚወደው ሰው ሳይ እኔ እጠረጥራለሁ። ወይ ለሁሉም የሚዋሽ ነው፣ ወይ ምንም የማያደርግ ነው። ያኔ ግን ጭንቅ ላይ ነበርኩና ከሦስቱም ኪያሯን ብቻ ወሰድኩ፤ ከእሷ ሌላ ከለምለም ወጥ ትንሽ በእንጀራ ብጎርስ ነው።

ሰቆጣ ኪያር እንደ ሽንኩርት በየቀኑ አይገኝም። ከቆላ መስኖ ወይም ከቆቦ በኩል በመኪና ሲመጣ ጠብቄ እገዛ ነበር። ሦስቴ አጥባለሁ፤ ሁለቱን ጫፍ ቆርጬ እጥላለሁ። አንድ ቀን አንዷ መረረችኝ። እንደ ኮሶ መረረችኝ! ዛሬ ሳውቅ ኪያር ውሃ ሲጠማው ይመራል አሉ፤ የዚያን ቀን ግን ለምለም ነበረች ጓዳ የነበረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪያሮቼን የጥሎሽ ልብሴ ያለበት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው፤ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ልብሴ ሁሉ ኪያር ኪያር ሸተተ። ማኅበር ስሄድ አንዷ ሴት «ምን ተቀብተሽ ነው?» አለችኝ።

በዚህ ላይ አንኮላዬ ጠፋች። አንኮላ ትንሽ የቅል ዋንጫ ናት፤ የእኔዋ ከእናቴ የተቀበልኳት የመቅመሻዬ ናት። ጠጅ ጣይ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ጋኑን ከፍቶ ይቀምሳል፤ ብርዙን፣ ማለት በውሃ የተበጠበጠውን ማር፣ ጌሾ ሳይገባበት ይቀምሳል፣ ከገባበትም በኋላ ይቀምሳል፣ ማር ጨምሮ ይቀምሳል፣ ውሃ ጨምሮ ይቀምሳል። አንኮላዋን ሁለት ቀን ፈልጌ ከዱቄት ጋኑ ኋላ በጨርቅ ተጠቅልላ አገኘኋት። በጨርቅ ተጠቅልላ! አይጥ አይጠቀልላት መቼም። ለምለምን ጠየቅኳት።

«አላውቅም እማ» አለች፤ ዓይኗ ግን መሬት መሬት አየ።

መተት ነው አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አንኮላዬንም ከዚያ ወዲያ ከእጄ አልለየኋትም።

በቀጠሮዬ ቀን ስኳሬ ጨምሮ ተገኘ። በሚቀጥለውም ጨመረ። ሲስተሯ ክኒኑን ከፍ አደረገችው። «በትክክል ይውጣሉ?» ትለኛለች። እውጣለሁ! «ምግቡስ?» ኪያር ነው እላለሁ! መሣሪያችሁን አስመርምሩት አልኳት። ክኒኑንም ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን መምህሩን አስነበብኩት፤ አላለፈበትም። ሰውነቴ ግን እየራቀኝ ሄደ። ዓይኔ ብዥ ይላል፣ እግሬ ይደነዝዛል። ከኪያር በቀር ጠብ የሚል ሳልበላ ክኒኔን ውጬ፣ አንድ ቀን ገበያ መካከል ጉልበቴ ከድቶኝ ተቀመጥኩ፤ ማር ሻጩ ደግፎ አነሳኝና ማሩን በጣቱ አፌ ላይ አደረገልኝ። ነፍስ ዘራሁ። ያን ጊዜ እንኳ የቀመስኩት ማር ንጹሕ መሆኑን ነበር ያሰብኩት፤ የኔ ነገር!

ከዚያ ጠጠሩ መጣ። ከገበያ ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ ደም ነው። ጫማው ውስጥ የባቄላ ያህል ሹል ጠጠር ገብቶ፣ ጠዋት ገብቶ፣ እስከ ማታ ረግጬው ውዬአለሁ። አልተሰማኝም። ከገንፎ ስንጥር የማወጣው ሰው ተረከዜ ሥር ያለ ጠጠር አልተሰማኝም! የዚያን ዕለት ነው የምር የፈራሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለምለም ውሃ አሙቃ እግሬን ልታጥብ መጣች፤ ከለከልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተራ ስጠብቅ ከጎኔ ከጋዝጊብላ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። እግሬን በነጠላ ሸፍኜው ነበር፤ እሳቸው ግን አዩት።

«ስኳር ነው?» አሉኝ።

«ነው ይላሉ።»

«አልታመመሽም አይደል? እኔንም አላመመኝም። እግሬ ሲሄድ ደህና ሁን እንኳ አላለኝም፤ ዝም ብሎ ሄደ» አሉና በምርኩዛቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። «ተራዬን ውሰጂ። የእኔ የሚቸኩል ነገር የለው፤ የሄደው ሄዷል። አንቺ ግቢ፣ የኔ ልጅ።»

ስንት ሰዓት የጠበቁበትን ተራ ሰጡኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ገባሁ። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ አስሮ፣ ስኳሩ እንዲህ ከቀጠለ ቁስሉ አይድንም፣ ካልዳነ እግሩን ማትረፍ ይከብደናል አለኝ። እግር አልባ ጠጅ ጣይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ከዚያ ጠበል ገባሁ። ሰባት ቀን እዚያው ሰነበትኩ። ክኒኔን አልተውኩም፤ ጠበልና ክኒን አይጣሉም ብለው አባም ነግረውኛል። በቀን አንዴ ቆሎ፣ ትንሽ እንጀራ፣ ውሃ፤ ሌላ የለም። ኪያር እንኳ የለም። በስምንተኛው ቀን በቀጥታ ሆስፒታል ሄጄ ስለካ ስኳሬ ወርዷል! ሲስተሯ ደስ አላት። እኔ ግን ደስታዬ ግማሽ ነበር፤ ግማሹ ቁጣ ነው። ከቤቴ ስርቅ ዳንኩ፣ ቤቴ ስገባ እታመማለሁ። ቤቴ ውስጥ ያለው ማነው? ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆነልኝ።

አባን ይዤ ቤት ገባሁ። ለምለም ደስ ብሏት ልትስመኝ መጣች።

«አባ ፊት ተናገሪ» አልኳት። «ወጤ ውስጥ ምን ትጨምሪያለሽ? ስኳር ነው? ከእናትሽ ጋር ማታ ማታ በኽምጣኛው መካከል ስኳር ስኳር ስትሉ የምሰማው ቤቱን ልትወርሱ ነው?»

ፊቷ አመድ መሰለ። አባ ጣልቃ ገቡ። «ትርንጎ፣ ስትጨምር አይተሻል?»

«አላየሁም አባ። ግን አውቃለሁ።»

«ያላዩትን ማወቅ የእግዜር ነው፤ አንቺ መቼ ተሾምሽ?»

እሳቸው ይቆጡ እንጂ እኔ አልሰማሁም። ለምለም ጓዳ ገባች። ዕቃ አጠበች፤ የተረፈውን እንጀራ ሸፈነች፤ ልብሷን በፌስታል ቋጠረች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«እማ፣ ክኒንዎን ያለ ምግብ አይውሰዱ። አንኮላው ደግሞ...»

«አንኮላው ምን?»

«ምንም» አለችና ወደ ጽጽቃ ሄደች። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ እኔ መካከል ላይ ቆሜ ልሰንጠቅ?» ብሎ አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ የመኪና ሹፌር፣ አለቀሰ።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ራሴ ጋገርኩ፣ ራሴ ሠራሁ፣ ራሴ ቆለፍኩ። የሠርግ ወቅት ነበርና አራት ጋን ጠጅ ጥዬ ነበር። በሁለት ሳምንት ስለካ ስኳሬ ከበፊቱ ሁሉ በልጦ ወጣ። ሲስተሯ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። እኔ ደግሞ ግድግዳውን አየሁ። ምራቴ ጽጽቃ ናት። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ኪያሬ ነን። የሚጠረጠር ሰው አለቀብኝ።

«ሲስተር፣ ኪያሯ ናት» አልኩ። «ኪያሯ ናት የምትገድለኝ።»

ሲስተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ፣ ኪያር እኮ ውሃ ናት፤ ቆዳ የለበሰች ውሃ። ለዚህ ነው ሥጋ ብሉ የሚለውም፣ ጹሙ የሚለውም፣ ቅጠኑ የሚለውም የሚወዳት። ስኳር አታወጣም፤ ሆድ ትሞላለች። ግን የሌላውን ጥፋት አታጥብም። መርዝ ታጥባለች የሚሉዎትም ውሸት ነው፤ እሱ የኩላሊትዎ ሥራ ነው። እስቲ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ባቄላና ባዶ ጣሳ ቤት አለ?»

«አለ።»

«ነገ ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ፣ ከውሃ በቀር አፍዎ የነካው ነገር በነካ ቁጥር አንድ ባቄላ ጣሳው ውስጥ ይጣሉ። ኪያርም ቢሆን፣ ጠብታም ብትሆን። ሰው አይቁጠርልዎ፤ ራስዎ ይቁጠሩ።»

ላሳፍራት ነው እሺ ያልኩት። በማግስቱ ባቄላውን በመቀነቴ ቋጥሬ ተነሳሁ። ጋኖቼን ከፈትኩ፤ በአንኮላዬ ከአንደኛው ቀመስኩ። ይሄ አይቆጠርም ብዬ አለፍኩ። ሁለተኛውን ቀመስኩ። መቅመስ መብላት አይደለማ! እናቴም እንዲህ ትል ነበር። ከዚያ «ጠብታም ብትሆን» ያለችው ትዝ አለኝ። እሺ፣ ላሳፍራት ካልኩ ሙሉ በሙሉ ላሳፍራት ብዬ ለአራቱም ጋን አራት ባቄላ ጣልኩ። ማር ሻጭ መጣ፤ ስድስት ባልዲ ቀመስኩ፤ ስድስት ባቄላ። ማሩን ስበጠብጥ እጄን ላስኩ፤ ባቄላ። ረፋድ ላይ ጋኖቹን ደገምኩ። አንዱ ቀጠነ፣ ማር ጨመርኩ፣ ቀመስኩ፤ ገና ነው፣ ጨመርኩ፣ ቀመስኩ። ጣሳው ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፁ ጠፋ፤ ባቄላ በባቄላ ላይ ሲወድቅ አይጮህማ።

ማታ ጣሳውን ሰፌድ ላይ ገለበጥኩት። ሦስቱ ኪያር ነበሩ። ሁለቱ ምግብ። ሌላው ሁሉ፣ ሰፌዱን የሞላው ሁሉ፣ ማርና ብርዝ ነው። ጠበል በገባሁበት ሰባት ቀን ጋን አልነበረም። ቤቴ ስገባ ያመመኝ ቤቴ ያለችው ልጅ አይደለችም፤ ቤቴ ያለው ጋን ነው። ሠላሳ ስንት ዓመት ስቀምስ ኖሬ አንድ ቀን «ማር በላሁ» ብዬ አላውቅም። ማር ለእኔ ሥራ ነው፤ ሰው ሥራውን በላሁ ይላል? ሰው ማሩን በስኳር እንዳይቀላቅልብኝ ስጠረጥር፣ ያንኑ ስኳር በገዛ ጣቴ ስጎርስ ኖርኩ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ከዚያ አንኮላዋን አየኋት፤ በጨርቅ ተጠቅልላ ያገኘኋት ትዝ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከአባ ጋር ጽጽቃ ሄድኩ። እግሬ በፋሻ እንደታሰረ ነበር። ዱሮ ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ እኔ ባቄላውን ከነጣሳው ተሸከምኩ። የለምለም እናት በሩ ላይ ቆማ አየችን። አማርኛ እንደ እኔው ታውቃለች፤ የዚያን ቀን ግን አልሰጠችኝም። በኽምጣኛ ረጅም ነገር ተናገረች፤ እጇ ወደ ሰማይ፣ እጇ ወደ እኔ፣ እጇ ወደ ደጁ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ይቀመጡ ትላለች» አለች ለምለም።

ያን ሁሉ ተናግራ ይቀመጡ ብቻ? ጠረጠርኩ፤ ልማድ ነው። ቢሆንም ተቀመጥኩ፤ ሰፌድ አስመጣሁና ባቄላውን ዘረገፍኩት።

«ለምለም፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ነው። ሦስቱ ኪያር፣ ሁለቱ እህል፣ ሌላው አንኮላዋ ናት። አንኮላዋን አንቺ ነሽ የደበቅሽው?»

አዎ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። «ስኳሩ በምን እንደሚወጣ ገብቶኝ ነበር እማ። ለእናቴም በስልክ የምነግራት እሱን ነው፤ ለእርስዎ እንዴት ልንገር፣ ይቆጡኛል እያልኩ።»

«ታዲያ አትናገሪም ነበር?»

«እንዴት ልበልዎ? ጠጅ ጣይን አትቅመሺ ማለት፣ ያውም ምራት ለአማቷ! ሽንትዎን አየሁ ስል የሆነውን ያውቁታል። አንኮላዋን ብደብቃት ሁለት ቀን እንኳ ያርፋሉ ብዬ ነው።»

እግሯ ላይ ወደቅኩ። አባ ሳይሉኝ፣ ማንም ሳይገፋኝ ወደቅኩ። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አልኩ። አነሳችኝና የታሰረውን እግሬን አቅፋ አለቀሰች። እናቷ ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ ድንች ወጥና እንጀራ ይዛ ነበር፤ ከጎኑ አንድ የተከተፈ ኪያር። «ብዪ። ክኒንሽን በባዶ ሆድ አትዋጪ» አለችኝ። በአማርኛ።

ቁስሌ ከሁለት ወር በላይ ፈጅቶ ዳነ። እግሬ አለ፤ ጫማዬን ሳላራግፍ አልጫማም፤ ማታ ማታ ለምለም ተረከዜን በመብራት ታየዋለች። ክኒኔን እውጣለሁ። ኪያር ከሳጥን ወጥታ መሶብ ላይ ገብታለች፤ ከግማሽ እንጀራ፣ ከጎመንና ከምስር ጋር፣ ግማሹ እንጀራ የጎደለበትን ቦታ ትሞላልኛለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ስኳር ያለባችሁ ሰዎች፣ ስልክ ላይ ያለውን ኬቶም ሆነ ዲቶክስ ከመያዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ክኒናችሁን አትተዉ፤ እና ጣሳና ባቄላ ፈልጉ። ኪያሯን መቁጠር ቀላል ነው። እናንተ «ይሄ አይቆጠርም» የምትሉትን ቁጠሩ።

ጠጅ አሁንም እጥላለሁ። የምትቀምሰው ግን ለምለም ናት። በእኛ ሙያ ሰው ምላሱን ለሌላ አይሰጥም፤ እኔ ሰጠሁ። ገበያ ላይ እሷ በጣቷ ትቀምሳለች፣ እኔ እጄን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ከኋላ እቆማለሁ። «ንጹሕ ነው?» እላለሁ። «ንጹሕ ነው እማ» ስትል እንገዛለን። ባለፈው ጋኑን ከፍታ ቀመሰችና «ገና ነው» አለችኝ። በዓይኔ ሳየው የደረሰ መሰለኝ። ጣቴ በላኝ። «እንግዲያው ክደኚው» አልኳት።

ይህን የምትጽፈውም እሷው ናት። ክፉ ክፉ ያልኳትን ስናገር ብዕሯ ቆም ሲል «ጻፊው» እያልኩ እዚህ ደረስን። ያልኩትን እንዳለ ጽፋው ይሁን፣ የሚያሳፍረኝን ቀንሳልኝ ይሁን፣ ወይም የራሷን ጨምራ ይሁን፣ አላውቅም፤ ማንበብ አልችልም። መምህሩ ጎረቤቴ ነው፤ ጠርቼ ላስነብበው እችል ነበር። አላስነበብኩም።